ሥጋ ደዌ፦ በዘር የማይወረስ በሽታ፣ በዘር የሚወረስ መገለል

ሥጋ ደዌ የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ቢሆንም፣ በሽታው በደም ይወረሳል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ዛሬም አልጠፋም። የምሥራቅና የምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች ደግሞ በሽታው ከሚበዛባቸው የኦሮሚያ አካባቢዎች ይመደባሉ። በደም ይወረሳል በሚለው እምነት የተነሳ መገለሉ በታማሚው ላይ አያበቃም፤ ጤነኛ ልጆቹም ለጋብቻ ሲታሰቡ በወላጃቸው ሕመም ይመዘናሉ።

ጉዳቱ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት ስሜት የሌለው ቆዳ ነው፤ አያምም፣ አያሳክክም። የቤተሰቡ ስም እንዳይጠፋ የሚፈራ ሰው በልብሱ ሸፍኖ ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር ነርቮቹ ይጎዳሉ፤ እሳት ሲያቃጥለው፣ እሾህ ሲወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ አመርቅዞ ጣቱን ያሳጣዋል። ሰው የሚሸሸው አካል ጉዳት በአብዛኛው የዘገየ ሕክምና ውጤት ነው፤ ያዘገየውም ሽሽቱ ራሱ ነው። መድኃኒቱ ግን ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ያድናል፤ መውሰድ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ መተላለፉ ይቆማል።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በጀርመን በጎ አድራጊዎች ድጋፍ ከሐረር አቅራቢያ የተቋቋመው የቢሲዲሞ ሆስፒታል ለአካባቢው ትልቅ ውለታ ውሏል። ከምዕራብ ሐረርጌዋ ጪሮ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በሽታው ቶሎ መታየት ያለበት በሰፈር ነው፤ ለዚህ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ።

እነርሱም ብቻቸውን አይበቁም። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት ለታማሚው ቤተሰብና ጎረቤት አንድ ጊዜ የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት ይመክራል፤ ይህን ለመስጠት ታማሚው የቅርብ ሰዎቹን መጥቀስ አለበት። የሚያፍር ሰው እንዴት ይጠቅሳል? ድፍረቱን የሚያገኘው ከሚያከብራቸው ሰዎች ነው፦ ከሼኩና ከቄሱ፣ ከተፈወሱት ራሳቸው፣ ከሁሉም በላይ በሐዘንና በሠርግ ከማይለየው የአካባቢው የመረዳጃ ማኅበር፣ ከአፎሻ። የተፈወሱ ሰዎች በ1988 ዓ.ም. አገር አቀፍ ማኅበር መሥርተው ስለ መብታቸው ሲናገሩ ኖረዋል፤ ድምፃቸው በየአፎሻው ስብሰባ መሰማት አለበት።

ስለዚህ የጪሮ፣ የገለምሶ፣ የሂርናና የበዴሳ አፎሻዎች የተፈወሱትን በሙሉ አባልነት ይቀበሉ፤ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋብዘውም ስለ ምልክቱ ያስተምሩ። ስሜት የሌለው ቆዳ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።