በልዕለ አስተላላፊ ውስጥ ስለሚፈጠሩ መግነጢሳዊ አዙሪቶች

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ቡና ሲታጠብ በቦዩ ውኃ ላይ ትልቅም ትንሽም አዙሪት ይታያል። ቤተ ሙከራ የሌለው መምህር ይህን ረቂቅ ትምህርት ከዚያ ሊጀምር ይችላል።

የሆላንዱ ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 እ.ኤ.አ. ሜርኩሪ በ4.2 ኬልቪን ገደማ ለኤሌክትሪክ ጅረት ያለውን ሙግደት ፈጽሞ እንደሚያጣ አገኘ። ሆኖም ልዕለ አስተላላፊን፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተርን፣ «ሙግደት የሌለው ሽቦ» ብሎ ብቻ ማስተማር ትምህርቱን ከግማሽ ማቋረጥ ይመስለኛል። እንደ ኒዮቢየም ባሉት ላይ የሚያርፈው መግነጢሳዊ መስክ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ በቀጫጭን ክሮች መልክ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በእያንዳንዱም ክር ዙሪያ ጅረት ይሽከረከራል። ይህን በ1957 እ.ኤ.አ. በቀመር ያስረዳው አብሪኮሶቭ በ2003 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የቦዩ አዙሪት እንደ ውኃው ጉልበት ይሰፋል፣ ይጠብባል፤ በሰፊ ልዕለ አስተላላፊ ውስጥ ግን እያንዳንዱ አዙሪት የሚይዘው መግነጢሳዊ ፍሰት እኩል ነው፤ መጠኑም 2.07 × 10⁻¹⁵ ዌበር ነው።

ኃይለኛ ጅረት ሲተላለፍ አዙሪቶቹን ወደ ጎን ይገፋል። ከተንቀሳቀሱ ኃይል ይባክናል፤ ጠፍቶ የነበረው ሙግደትም ይመለሳል። ስለዚህ መሐንዲሶች በቁሱ ውስጥ ሆን ብለው እንከን ይፈጥራሉ፤ አዙሪቱም እዚያ ተይዞ ይቀራል። ንጹሕ ብረት ሁልጊዜ ይበልጣል ብለው ለሚገምቱ ተማሪዎች ይህ ያልተጠበቀ ነው።

በሰፊ ቁራጭ ውስጥ አዙሪቶቹ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይሰለፋሉ። የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያህል ስፋት ባለው ክብ ቁራጭ ውስጥ ግን ቦታቸውን በአብዛኛው የሚወስነው ጠርዙ ነው፤ አንዱ መካከል ላይ ይቆማል፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ይሆናሉ፣ መስኩ ሲበረታም ተዋሕደው አንድ ግዙፍ አዙሪት ሊሆኑ ይችላሉ። ተማሪዎች በወረቀት ላይ ክብ ሥለው የቡና ፍሬዎችን እርስ በርሳቸውም ከጠርዙም በተቻለ መጠን እያራራቁ ቢደረድሩ፣ ፍሬው በተጨመረ ቁጥር አሰላለፉ እንዴት እንደሚለወጥ በቀላሉ ይመለከታሉ።