ስለ ፒክ አፕ መኪና ክሮቼራና ቡሎን

ነጋዴ ዕቃውን በፒክ አፕ አስጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ በሚያቋርጥበት ጊዜ፥ ሐሳቡ የሚያርፈው በጎማና በፍሬን ላይ ነው። ነገር ግን ከካምቢዮ ወደ ኋላው ዲፈረንሻል ኃይል የሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ ቢፈታ፥ ጎማው ደኅና ሳለ መኪናው ከመንገድ ይቀራል። የፊተኛው ጫፍ ወድቆ መሬት ቢወጋማ አደጋው እስከ ሰው ሕይወት ይደርሳል።

በዘንጉ ጫፎች ላይ ክሮቼራ የሚባል የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ አለ፤ በአራቱም እጆቹ መርፌ መሳይ ኩሽኔታዎችን የያዙ ክዳኖች ይገኛሉ። እነዚህ ግራሶ ሲያጡ ደርቀው ይበላሉ። ምልክቱም ማርሽ ሲገባ የሚሰማ የመጋጨት ድምፅ፥ በፍጥነት ጊዜም ከወለሉ በታች መንቀጥቀጥ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የላላ ቡሎን በማጥበቅ ይድናል፤ የተበላ ክሮቼራ ግን መለወጥ አለበት። ዘንጉን በእጅ ይዞ ሲያወዛውዙት ክፍተቱ ከመስቀሉ ወይም ከማያያዣው መሆኑ ይለያል።

ሥራው ሲጀመር ጎማዎቹ በታኮ ይደገፉ፤ ዘንጉ ከወረደ በኋላ ማርሽ መኪናውን አይዝምና። ዘንጉና ማያያዣው አስቀድሞ በቀለም ምልክት ይደረግባቸው፤ አቀማመጡ ቢዛነፍ አዲሱም ክሮቼራ ይንቀጠቀጣል። ቡሎኖቹ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ይጥበቁ፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላም እንደገና ይታዩ።

የክሮቼራ ዋጋ በበረሃ ከሚቀር ጭነት ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው። ስለዚህ ባለንብረት ሾፌሩን «ዘይት ሞልተሃልን?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፥ «ከሥር ገብተህ አይተሃልን?» ብሎም ይጠይቅ።