«ደም ብዛት» ስንል

ለአንድ ቀን እንኳ ከፖለቲካው አረፍ ብለን ስለ ጭንቅላታችን ብንነጋገር ምን ይመስላችኋል? ጭንቅላት ስል አስተሳሰባችንን ማለቴ አይደለም (እሱ ሌላ ቀን ይደርሳል)፤ ስለ አንጎላችንና ደም ስለሚያደርሱለት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው የማወራው።

አማርኛችን ሀብታም ቋንቋ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሳያስበው አሳስቶናል። የደም ግፊት ከፍ ማለትን «ደም ብዛት» ብለን እንጠራዋለን። ስሙን የሰማ ሰው በገላው ውስጥ ደም የተትረፈረፈ ይመስለዋል። የተትረፈረፈ ነገር ደግሞ ቶሎ ይቀነሳል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? እኔም እንዲሁ አስቤ እናቴን ልገድላት ነበር።

እናቴ ከደባርቅ ወደ ቶሮንቶ የመጣችው በኅዳር ወር ነው። ብርዱ እስኪለመድ ብለን ቆይተን ሐኪም ዘንድ ብንወስዳት ግፊቷ 204 በ112 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ደሟንም ልቧንም አስመረመረች፤ ዓይኗን አየች፤ ከዚያ አነስተኛ መጠን ያላት አንዲት እንክብል አዝዛ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አለችን። እኔ አምቡላንስ ይጠራል ብዬ ስጠብቅ! ዳንፎርዝ ላይ ቡና ስንጠጣ ለጓደኞቼ ብነግራቸው ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዱ «ለእኛ ሰው ሲሆን እንዲህ ነው» አለ፤ ሌላውም ያንኑ ደገመ። እኔ ራሴ የግፊት መድኃኒት ስለምወስድ ከራሴ ብልቃጥ ጨመርኩላት። መጀመሪያ ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ተነስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። በቤት መለኪያ ስለካት 118 በ66። የጎረምሳ ቁጥር ነው!

ድንገተኛ ክፍል ያገኘነው ወጣት ሐኪም ጥፋቴን ስናዘዝለት አልተቆጣም። «የእናትህ አንጎል 118 የሚባል ቁጥር አያውቅም» አለኝ። ያን ቀን ያልገባኝን ነገር ለመረዳት ብዙ ማንበብ ነበረብኝ።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ዕረፍት ላይ ሳለን ከምንጠቀምበት ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ገደማውን እሱ ይወስዳል። በየደቂቃው ወደ 750 ሚሊ ሊትር ደም ይጎርፍለታል፤ ሆኖም ጎተራ የለውም። የመጣውን ወዲያው ይበላል፤ ለነገ የሚያስቀምጠው የለም። ደሙ ጨርሶ ቢቋረጥ በ10 ሰከንድ ገደማ ራሳችንን እንስታለን።

መስኖ ባለበት አገር ያደገ ሰው የውሃ አባትን ያውቃል። ወንዙ ሲሞላ ቦዩ እንዳይደረመስ መግቢያውን ያጠብባል፤ ሲጎድል ይከፍታል፤ ደግሞም ውሃው ተራው ለደረሰው ማሳ መድረሱን ይቆጣጠራል። በአንጎል ውስጥ ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠሩት ከትላልቆቹ ደም ቅዳዎች ተቀጥለው ወደ ውስጥ የሚዘልቁት ትንንሾቹ ናቸው። ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ አይሞላም። ዙሪያቸውን በጡንቻ የተጠመጠሙ ስለሆኑ መጥበብም መስፋትም ይችላሉ። ከእነሱ በታች ካፒላሪ የሚባሉት አሉ፤ ቀይ የደም ሕዋሳት በአንድ ረድፍ እየተጣበቁ የሚያልፉባቸው ናቸው። የአንድ ሰው አንጎል ካፒላሪዎች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠሉ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ ከቶሮንቶ ተነስተው ሞንትሪያል ያደርሳሉ ቢባል ማጋነን አይደለም።

በጥቂቱ መጥበብ ይህን ያህል ምን ያመጣል የሚል ካለ ሒሳቡ እነሆ፦ ቧንቧው በ10 በመቶ ሲጠብ ፍሰቱ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ በግማሽ ሲጠብ ደግሞ ወደ 16ኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ የውሃ አባቱ መግቢያውን በፀጉር ያህል ማንቀሳቀሱ ይበቃዋል።

የእነዚህ ደም ሥሮች ጡንቻ ማንም ሳያዘው ግፊት ሲለጥጠው ይጨመደዳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ይላላል። ይህን ጠባይ እንግሊዛዊው ቤይሊስ እ.ኤ.አ. በ1902 ገልጾታል። በ1959 ደግሞ ዴንማርካዊው ኒልስ ላሰን የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሰብስቦ፣ አማካይ ግፊት ከ60 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው ሜዳ ላይ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም እምብዛም እንደማይለወጥ አሳየ። (ዛሬ ሜዳው ላሰን እንደሣለው ሰፊ አይደለም የሚሉ ተመራማሪዎች በርካታ ናቸው፤ ሜዳው መኖሩን ግን የሚክድ የለም።)

እናቴን የጣላት ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ከቆየ የትንንሾቹ ደም ሥሮች ግድግዳ ይወፍራል፤ ቀዳዳው ይጠባል። ወንዙ ሁልጊዜ ሙሉ ነው ብሎ ያመነ የውሃ አባት መግቢያውን በድንጋይ አጥብቦ እንደመገንባቱ ማለት ነው። ከኮፐንሃገን እነ ስትራንድጎር በ1973 ባወጡት ጥናት ከባድ ግፊት ባለባቸው ሰዎች ሜዳው እንዳለ ወደ ላይ መሸሹን አረጋገጡ። እነዚህ ሰዎች ከፍ ያለውን ግፊት ከሌላው ሰው በተሻለ ይችላሉ፤ ዝቅ ሲል ግን ሌላው ሰው ምንም በማይሰማው ቁጥር አንጎላቸው ይጠማል። ለእኔ ጤና የሆነው 118 ለእናቴ ድርቅ ነበር። ደም በዛባት ብዬ የሰጋሁላት ሴት የወደቀችው ደም አንሷት ነው።

ደግነቱ ሜዳው ተመልሶ ይወርዳል። ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፣ ግፊቱ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ሲቀነስ ደም ሥሮቹም አብረው ይለምዳሉ። ያቺ ሐኪም አንዲት እንክብል ሰጥታ ቀጠሮ የያዘችው ንቃን ወይም መድኃኒት ቆጥባ ሳይሆን ለዚሁ ነው። (እንደ እናቴ ያለ ቁጥር ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከአፍ መጣመም ወይም ከእጅና እግር መዛል ጋር ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ 911 መደወል ነው።)

የውሃ አባቱ ሌላው ሥራ ተራ ማዳረስ ነው ብያለሁ። ይህን በዓይን ለማየት ከቻሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጣሊያናዊው አንጀሎ ሞሶ ነው። ከ140 ዓመታት በፊት ራስ ቅሉ የተሰበረ አንድ ገበሬ አግኝቶ በክፍተቱ በኩል የአንጎሉን ትርታ ሲመዘግብ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ጸሎት ማድረስ አልነበረብህም ወይ ቢለው የገበሬው የአንጎል ትርታ ከፍ አለ። የማባዛት ሒሳብ ሲሰጠውም እንዲሁ። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲጀምር እንደ ፖታሲየምና ናይትሪክ ኦክሳይድ ያሉ ኬሚካላዊ መልእክቶች ይወጣሉ፤ መልእክቱ በካፒላሪው ግድግዳ ተንጠላጥሎ ወደ ላይ ይወጣና ጡንቻውን ያላላዋል፤ በአንድና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ደም ይደርሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ትልቅ አዛዥ ነው፤ ሲበዛ ደም ሥሮቹ ይከፈታሉ፣ ሲያንስ ይጠባሉ። የደነገጠ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ የሚዞርበት ለዚህ ነው።

በዚህች በምንኖርባት ከተማ ይህንኑ ለምርመራ አውለውታል። በዩኒቨርሲቲ ሄልዝ ኔትወርክ ዴቪድ ሚኩሊስና ጆሴፍ ፊሸር የተባሉ ሐኪሞች በሽተኛው ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ ሳለ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በልክ ከፍ እያደረጉ የትኛው የአንጎል ክፍል ደም ሥሩን መክፈት እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይችል በካርታ ያወጣሉ። ጤነኛው ሰፈር ሲከፈት ያልቻለው ሰፈር የነበረውንም ደም የሚነጠቅበት ጊዜ አለ። መስኖ ላይ ጎረቤት ውሃ ሲጠልፍ እንደምናየው ነው። እነዚሁ ሰዎች ከሰኒብሩክ ሆስፒታሏ ሳንድራ ብላክና ከሌሎች ጋር ሆነው በ2016 ያወጡት ጥናት እኔን አስደንግጦኛል፦ በኤምአርአይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ጉዳት ገና ሳይታይ፣ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በዚያው ቦታ ያሉት ደም ሥሮች የመከፈት ችሎታቸው ደክሞ ተገኝቷል። መጀመሪያ የውሃ አባቱ ይደክማል፤ ማሳው የሚደርቀው ከዚያ ነው።

እናቴ ወድቃ በተነሳችው ኤምአርአይ ላይ እነዚያ ነጫጭ ነጠብጣቦች ነበሩ። ለካስ ካለፉት ዓመታት ጀምሮ እግሯ የከበዳት፣ ጀበናውን እሳት ላይ ጥዳ የምትረሳው፣ እኛም በስልክ ስንሰማ «እርጅና ነው» ብለን ያለፍነው ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አልቀረም። የጠፋው አይመለስም ብለውናል። በ2019 የታተመ፣ ከ9,300 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ግን የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ለማድረስ መታከም፣ ከ140 በታች በማድረስ ከመወሰን ይልቅ መለስተኛ የማስታወስና የማሰብ ድክመትን በ19 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ነጠብጣቦቹም ቀስ ብለው ነው የጨመሩት። ከባዱን የመርሳት በሽታ በተመለከተ ግን ልዩነቱ አስተማማኝ አልነበረም።

እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት «የደጋ ሰው እንዲህ ያለ በሽታ አያውቅም» ብላ ተከራከረችኝ። በአንድ በኩል ትክክል የምትሆንበት ነገር አለ። በ2008 በታተመ ጥናት ከቶሮንቶ ማራት ስሌሳሬቭ፣ ከአገር ቤት ጉታ ዘነበና አምሃ ገብረ መድኅን ያሉበት ቡድን፣ 3,622 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 9 ኢትዮጵያውያን ወንዶችን እዚያው ተራራቸው ላይ፣ ቀጥሎም ወደ 794 ሜትር ካወረዳቸው በኋላ መርምሯል። ኦክስጅን ሲቀነስባቸው ወደ አንጎላቸው የሚሄደው የደም ፍጥነት አልተለወጠም፤ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ደም ሥሮቻቸው ንቁ ነበሩ። ከዚያ በፊት የተጠኑት የፔሩ ደገኞች ላይ ይህ ንቃት ደክሞ ነበር የተገኘው። ያ ግን ለስስ አየር የተሰጠ ስጦታ ነው። ለዓመታት ሳይታከም የኖረን ግፊት አይመልስም።

አሁን መድኃኒቷ በየወሩ እየታየ ነው የሚጨመረው። 204 የነበረው 188፣ ከዚያ 166፣ ከዚያ 149 ሆነ፤ ባለፈው ሳምንት 136 ነበር፤ ከወንበር ስትነሳም አላዞራትም። የራሴ ብልቃጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል። ቅዳሜ ዕለት ደባርቅ ያለችው አክስቴ ደውላ መድኃኒቷን የምትውጠው ራሷን ሲያማት ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። እናቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «እኔ ስወድቅ ምኔንም አላመመኝም ነበር» አለቻት። ለፋሲካ የሚሄድ ሰው ስላለ የግፊት መለኪያ እንዲያደርስላት ተስማምተን ስልኩ ተዘጋ።