በሕክምና የተገኘ እርግዝና፦ አደጋው ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1978 በእንግሊዟ ኦልድሃም የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን ከሰውነት ውጭ ከተፈጠረ ጽንስ (በአይቪኤፍ) የተገኘች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። እናቷ የማህፀን ቱቦዎቿ ተዘግተው ለዓመታት ሳትወልድ ኖራለች። ሐኪሞቹ በተፈጥሮ ዑደቷ የደረሰችውን አንዲት እንቁላል ወስደው፣ ያገኙትን አንድ ጽንስ መለሱላት።

ከዚያ በኋላ የመጣው አሠራር ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በመድኃኒት ብዙ እንቁላል ማድረስ ሲቻል፣ አንዱ ባይዝ ሌላው ይይዛል በሚል ሁለት ሦስት ጽንስ ማስገባት ተለመደ። የአይቪኤፍ እርግዝና ለረጅም ጊዜ በአደገኛነት የታወቀው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው፤ መንታ ያለጊዜው ይወለዳል፣ ክብደቱ ያንሳል፣ እናቱንም ለደም ግፊት ያጋልጣል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከአራት የአይቪኤፍ ወሊዶች አንዱ ያህል የመንታ ወይም ከዚያ በላይ ነበር፤ አንድ ጽንስ ብቻ ማስገባት ሲስፋፋ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 6 በመቶ ወረደ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንግሥት አይቪኤፍ ማዕከል ከፍቷል። ጥሪቷን አሟጣ አንዴ ብቻ መሞከር የምትችል ሴት «ሁለቱንም ጽንስ ያስገቡልኝ» ብትል አይፈረድባትም። ግን መንታው ያለጊዜው ቢመጣ፣ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና አልጋ እንደልብ በማይገኝበት አገር ዳፋው ለእሷም ለልጆቿም ነው። ሐኪሟ ይህን በግልጽ ሊነግራትና ሊሟገታት ይገባል እላለሁ።

መንታው ቢቀርም በተፈጥሮ ከተፀነሰ ልጅ ጋር ያለው ልዩነት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተሙና ጥናቶችን አሰባስበው የመረመሩ ሥራዎች፣ በሕክምና ተፀንሶ ለብቻው የተወለደ ልጅ ከ37 ሳምንት በፊት የመወለድ ዕድሉ እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይተዋል። ጥፋቱ የላቦራቶሪው ነው ወይስ ወላጆቹን ወደ ሕክምና ያመጣቸው ችግርና ዕድሜ? የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አንዱን ልጅ በተፈጥሮ፣ ሌላውን በሕክምና የወለዱ ከ2,500 የሚበልጡ እናቶችን አጠኑ። የአንድ እናት ልጆች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ የክብደቱም የጊዜውም ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ዴንማርክ ውስጥ በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ግን ጥቂት የክብደት ልዩነት ቀርቷል። የእኔ ሚዛን ወደ ወላጆቹ ጤና ቢያደላም ላቦራቶሪውን ነጻ አያወጣም።

በአፈጣጠር ጉድለት ረገድ ብዙ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የደቡብ አውስትራሊያ ጥናት ነው። ጉድለቱ በሕክምና ከተፀነሱት 8.3፣ በተፈጥሮ ከተፀነሱት 5.8 በመቶ ላይ ታይቷል። የእናት ዕድሜና ሌሎች ነገሮች ሲታሰቡ በተለመደው አይቪኤፍ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም፤ የወንዱ ዘር በመርፌ እንቁላል ውስጥ በሚከተትበት ኢክሲ ግን ጸንቶ ቀረ። እዚህም የአባትየው የዘር ችግር የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ከመቶ ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት ያለ ጉድለት መወለዳቸውን ለወላጆች አብሮ መንገር ተገቢ ነው።

ዛሬ ትኩረት የሚሻው ቀዝቅዞ ከቆየ በኋላ የሚገባው ጽንስ ነው። ሳይቀዘቅዝ ከሚገባው ትኩስ ጽንስ የሚወለዱት ቀለል ሲሉ፣ ከቀዘቀዘው የሚወለዱት ከበድ ይላሉ፤ በእናትየው ላይ የእርግዝና ደም ግፊት ይበዛል። አደጋው ጎልቶ የሚታየው ማህፀኑ በሆርሞን መድኃኒት ብቻ ሲዘጋጅ ነው። በዚህ ዝግጅት እንቁላል ስለማይለቀቅ፣ ከእንቁላሉ መውጣት በኋላ የሚፈጠረውና የእናትየውን የደም ሥሮች ለእርግዝና የሚያዘጋጁ ንጥረ ነገሮችን የሚያመነጨው እጢ አይኖርም። ስለዚህ ዑደቷ የተስተካከለ ሴት ጽንሱ በራሷ ዑደት ቢገባላት ይሻላል የሚሉ ሐኪሞች እየበዙ ነው።