ስንፈተ ወሲብ፦ ጥናቶቹ የሚሉትና እኛ የማንጠይቀው

በአዳማ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ስሠራ ዘወትር የሚያጋጥመኝ ነገር አለ። ታማሚው ምርመራውን ጨርሶ፣ መድኃኒቱ ታዞለት፣ እጁ የበሩ እጀታ ላይ ካረፈ በኋላ ዞር ይልና «ዶክተር፣ ሌላም ነገር ነበረኝ፤ ግን ይቅር» ይላል። ይቅር የተባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ስንፈተ ወሲብ ነው። አንዳንዱ «ወገቤ ደክሟል» ይላል፤ ሌላው «ጉልበት አጣሁ» ይላል። ባለቤቱ ወይም ልጁ አጠገቡ ካሉ ይህንንም አይልም። ወረፋው ረጅም በመሆኑ እኛም «ይቅር» መባሉን እንደ እፎይታ እንቀበለዋለን።

ይህ ዝምታ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የተማርኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአካባቢያችን ባለ አንድ ሆስፒታል ተረኛ ሳለሁ ነው። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ በጅቡቲ መስመር የሚሠሩ የከባድ መኪና አሽከርካሪ በሌሊት በደረት ውጋት መጡ። አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት ከምላሳቸው ሥር እንዲደረግላቸው አዘዝሁ። ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቃቸው፤ የደም ግፊታቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። እግራቸውን ከፍ አድርገን፣ በደም ሥር ፈሳሽ ሰጥተን፣ ከብዙ ጭንቀት በኋላ ተመለሱ። በማግስቱ ባለቤታቸው ከክፍሉ እስኪወጡ ጠብቀው፣ በዚያች ምሽት ያለ ሐኪም ማዘዣ የገዙትን ሲልዴናፊል መዋጣቸውን ነገሩኝ። «ለብቻዬ ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎ ነበር» አሉኝ። አልጠየቅኋቸውም።

የመድኃኒቱን አሠራር ማስታወስ ለዚህ ምክንያቱን ያስረዳል። በወሲባዊ መነቃቃት ጊዜ ከብልት ነርቮችና ከደም ሥሮች የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይመነጫል። ይህም ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛል፤ ለስላሳው ጡንቻ ይላላል፤ ብልቱም በደም ይሞላል። ሳይክሊክ ጂኤምፒን የሚሰባብረው ፎስፎዳይኤስተሬዝ 5 የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ ሲልዴናፊል የሚገታው ይህንኑ ነው። ናይትሬት በበኩሉ ናይትሪክ ኦክሳይድን ይጨምራል። አንዱ የንጥረ ነገሩን ምርት ሲያበዛ ሌላው መወገጃውን ስለሚዘጋ፣ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ የደም ግፊት አደገኛ በሆነ መጠን ሊወድቅ ይችላል። ስለሆነም ሲልዴናፊል ከተወሰደ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከተወሰደ ደግሞ 48 ሰዓት ሳይሞላ ናይትሬት መስጠት አይገባም።

ሲልዴናፊል ሲጀመር ለስንፈተ ወሲብ የታሰበ አልነበረም። ፋይዘር ኩባንያ በእንግሊዝ አገር በሳንድዊች ከተማ በነበረው የምርምር ማዕከሉ ያዘጋጀው ለልብ ደም ሥር ጥበት ነበር። ለደረት ውጋቱ የረባ ጥቅም አላሳየም፤ የሙከራው ተሳታፊዎች ግን ያልተጠበቀ «የጎንዮሽ ጉዳት» ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመው የጎልድስታይንና የባልደረቦቻቸው ጥናት በሁለት ክፍል 861 ወንዶችን በዕጣ በመደልደል መድኃኒቱን ከማስመሰያ (ፕላሲቦ) ጋር አነጻጸረ። መጠኑ እንደ ታማሚው በተስተካከለበት ክፍል፣ በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ሲልዴናፊል ከወሰዱት ሰዎች የግንኙነት ሙከራዎች 69 በመቶው ሲሳካ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 22 በመቶው ተሳክቷል። ሁለተኛውን ቁጥር ችላ ብለን ማለፍ የለብንም። ንቁ መድኃኒት ሳይኖር፣ ሰሚና ክትትል ባገኙ ሰዎች ዘንድ ከአምስት ሙከራ አንዱ መሳካቱ ለባለሙያው ብዙ ይናገራል።

ይሁን እንጂ በዚያ ጥናት እነማን እንዳልተካተቱ መመልከት ያስፈልጋል። ስኳራቸው በአግባቡ ያልተቆጣጠረ፣ ባለፉት ስድስት ወራት የልብ ድካም ድንገት ያጋጠማቸው ወይም አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰ ወይም የረጋባቸው፣ እንዲሁም ናይትሬት የሚወስዱ ወንዶች ከጥናቱ ውጪ ነበሩ። በእኛ ክትትል ክፍል የሚቀመጠው ታማሚ ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። በስኳር ታማሚዎች ላይ ብቻ ያተኮረው የሬንዴልና የባልደረቦቻቸው ጥናት (1999 እ.ኤ.አ.፣ 268 ወንዶች) መሻሻል የታየባቸው 56 በመቶ፣ በማስመሰያው 10 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። መድኃኒቱ በስኳር ታማሚም ይሠራል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ይህንን አስቀድሞ መንገር ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። ችግሩ በአገራችን ምን ያህል ሰፊ እንደሆነም ፍንጭ አለ። በትግራይ ማዕከላዊና ሰሜን ምዕራብ ዞኖች ሆስፒታሎች በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደ ጥናት ከስኳር ታማሚ ወንዶች 69.9 በመቶው ስንፈተ ወሲብ እንዳለባቸው መዝግቧል።

«መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚል ታማሚ ሲመጣ መጠኑን ከመጨመር በፊት አወሳሰዱን መጠየቅ ይበጃል። ያለ ወሲባዊ መነቃቃት ክኒኑ ብቻውን ምንም አያደርግም። ከክትፎ ወይም ስብ ከበዛበት ምግብ በኋላ ከተዋጠ ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ይዘገያል። በአንድ ሙከራ ተስፋ የቆረጠም ብዙ ነው። መነሻው 50 ሚሊግራም ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ፣ የጉበት ወይም የከፋ የኩላሊት ሕመም ላለባቸው በ25 ይጀመራል። ሪቶናቪር ያለበትን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ታማሚ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ25 ሚሊግራም በላይ መውሰድ የለበትም፤ ሪቶናቪር ሲልዴናፊል ከደም እንዳይወገድ ስለሚያደርግ ነው። ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ያዳክመዋል። ማንም ያለ ማዘዣ ክኒን የሚገዛ ሰው ይህን አይጠየቅም።

ብዙ ታማሚዎች ችግሩን በደም ግፊት መድኃኒት ያሳብባሉ፤ መድኃኒቱንም ሳይነግሩን ያቋርጣሉ። ጥርጣሬው ፈጽሞ መሠረት የለሽ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሁለተኛው ዓመት ላይ ክሎርታሊዶን ከወሰዱ ወንዶች 17.1 በመቶው፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 8.1 በመቶው የብልት መቆም ችግር እንዳጋጠማቸው ተመልክቷል፤ በአራተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጠቧል። ከዚህ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው የሲልቬስትሪና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። 96 ወንዶች ሁሉም አቴኖሎል ተሰጣቸው። የመድኃኒቱን ስም ካላወቁት 3.1 በመቶው፣ ስሙን ብቻ ካወቁት 15.6 በመቶው፣ ስንፈተ ወሲብ ሊያስከትል እንደሚችል ከተነገራቸው 31.2 በመቶው ችግሩ እንደደረሰባቸው ተናገሩ። እውነቱን መደበቅ ተገቢ ነው ማለቴ አይደለም፤ አነጋገራችን ራሱ መጠን እንዳለው መድኃኒት መቆጠር አለበት ማለቴ ነው።

ስንፈተ ወሲብ ከወሲብ ያለፈ ነገርም ሊጠቁም ይችላል። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ስለሚቀጥኑ ጥበቱ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው ተብሎ ይገመታል። ሞንቶርሲና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. በደረት ውጋት የገቡና የልብ ደም ሥር ሕመም የተረጋገጠባቸውን 300 ወንዶች ሲመረምሩ 49 በመቶው ስንፈተ ወሲብ ነበረባቸው፤ ከእነዚህም 67 በመቶው የብልቱ ችግር ከልቡ ምልክት አስቀድሞ መጀመሩን ገልጸዋል፤ በአማካይ ከሦስት ዓመት በላይ። ከመተሐራ ወይም ከባቱ የመጣ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ክኒን ሲጠይቅ የደም ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ የደም ቅባቱንና ማጨሱን ሳንመለከት ብንሰደው ያ የሦስት ዓመት ዕድል ያመልጠናል። ክብደት መቀነስና እንቅስቃሴም ሕክምና ነው። ኤስፖዚቶና ባልደረቦቻቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከመጠን በላይ ወፍራም ከነበሩና የአኗኗር ለውጥ ካደረጉ 55 ወንዶች 17ቱ በሁለት ዓመት ውስጥ መደበኛ ተግባራቸው ሲመለስ፣ ከሌላው ቡድን 55 ወንዶች ይህ የሆነላቸው ሦስት ብቻ ናቸው።

«ከዕፅ ብቻ የተሠራ» ተብሎ ለሚሸጠውም ጥያቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ባሉ ምርቶች ውስጥ ያልተገለጸ ሲልዴናፊል ደጋግሞ አግኝቷል። ናይትሬት የሚወስድ ሰው «መድኃኒት አልወሰድሁም» ቢል ራሱም አምኖ ሊሆን ይችላል።

አሽከርካሪው አሁንም ክትትል ላይ ናቸው። ናይትሬት ስለሚያስፈልጋቸው ያ ክኒን ለእርሳቸው ተከልክሏል፤ ምክንያቱንም ለባለቤታቸው እንዳስረዳላቸው ጠይቀውኝ በቀጣዩ ቀጠሮ አብረው መጡ። እኔም ከዚያ ወዲህ በድንገተኛ ክፍል የደረት ውጋት ያለበት ወንድ ሲመጣ አስታማሚውን ካርድ እንዲያወጣ እልክና፣ ናይትሬት ከመስጠቴ በፊት ለብቻው እጠይቀዋለሁ፦ «ባለፉት ሁለት ቀናት ለወሲብ የሚሆን ክኒን ወይም ዕፅ ወስደዋል? የምጠይቅዎ ለልብዎ የምሰጠው መድኃኒት ከእርሱ ጋር ስለማይስማማ ነው።» ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።