እንግዳው ምን ሊያይ ይመጣል?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወረታ ይደርሳል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ይገባል። ሁለተኛው ወደ ቀኝ ታጥፎ ደብረ ታቦርን አልፎ እስከ ወልድያ ይሄዳል። ይህኛው ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ነው። መንገደኛው ወረታ ላይ ወርዶ ሻይ ይጠጣል። ሩዝ ያስመዝናል፤ ወቅቱ ከሆነም ሽንኩርት በጆንያ ይገዛል። ከዚያ መኪናው ላይ ተመልሶ ይወጣል። ከከተማው በስተምዕራብ እስከ ጣና የተዘረጋውን ሜዳ ቆሞ የሚያየው ጥቂት ነው።

ይህን ሜዳ ለማየት ብቻ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች ግን አሉ። ቱሪስት ይባላሉ። ቱሪስት ማለት ለንግድ ሳይሆን አገር ለማየት የሚመጣ እንግዳ ነው። የሜዳው ሰው በነገሩ ይገረማል። «ምን አለ ብለው ነው? ረግረግና ወፍ አይደለም እንዴ!» ይላል። በዚህ ሳምንት ለዚህ ጥያቄ መልስ እንፈልጋለን።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው እንናገር። ከደብረ ታቦር ወዲያ ጉና የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚሁ ተራራ ነው። በክረምት አፈሩን ጠርገው ይወርዳሉ። ፎገራ ሲደርሱ ግን መሬቱ እንደ ምጣድ የተንጣለለ ስለሆነ መውረጃ ያጣሉ። ከዳራቸው ወጥተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ጣናም በዚያው ጊዜ ይሞላል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር የተጠራቀመው እንዲህ ነው። ከጉና ገበሬ ማሳ የተሰረቀ ነው ብንል ውሸት አይሆንም።

ውሃው ሁልጊዜ ደግ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አስወጥቷል፤ ሰብልም አጥፍቷል። ያን ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም።

ጎርፉ ሲሸሽ በዝቅተኛው ቦታ ውሃ ተኝቶ ይቀራል። ከእንደዚህ ያሉት ቦታዎች ሁለቱ፣ ሸሸርና ወለላ፣ ስማቸው ከኢትዮጵያ ውጭ ይታወቃል። ስለ ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች በጽሑፋቸው ይጠቅሷቸዋል። በጥቅምትና በኅዳር አንገታቸውና እግራቸው የረዘመ ግራጫ ወፎች በሰማይ ተሰልፈው ይመጣሉ። ድምፃቸው እንደ መለከት ከሩቅ ይሰማል። ፈረንጆቹ ክሬን ይሏቸዋል። የሚፈለፈሉት ከዚህ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ ፊንላንድና ኢስቶኒያ በሚባሉ ብርዳማ አገሮችና በሩሲያ። ይህ እንዴት ታወቀ? አጥኚዎች ወፎቹን በጫጩትነታቸው ይዘው እግራቸው ላይ ቀለበት ያስራሉ። ለአንዳንዶቹም የሚሄዱበትን ቦታ የሚያስታውቅ ትንሽ መሣሪያ ያስሩላቸዋል። እስከ ኢትዮጵያ መምጣታቸው የታወቀው በዚህ ዘዴ ነው።

ሌላም ወፍ አለ። ይህኛው እንግዳ አይደለም፤ የአገሩ ተወላጅ ነው። በራሱ ላይ እንደ ወርቅ ዘውድ የቆመ ላባ አለው። ቁጥሩ በዓለም ላይ እየቀነሰ ስለሆነ እሱን ለማየት ከሩቅ ይመጣሉ።

ግራጫዎቹ ወፎች ቀን ቀን ሩዝ በታጨደበት ማሳና በጓያው ውስጥ ይለቅማሉ። በዚህ የተነሣ ገበሬው አይወዳቸውም፤ እውነቱን ነው። ሲመሽ ወደ ውሃው ይመለሳሉ። ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጅብ ወይም ቀበሮ ሊበላቸው ቢመጣ ውሃው ይንቦጫረቃል፤ እነሱም ሰምተው ይነሣሉ። ስለዚህ ውሃው ደረቀ ማለት መኝታቸው ጠፋ ማለት ነው።

ውሃው ደግሞ እየጠበበ ነው። አንዱ ምክንያት ሩዝ ነው። የድሮው ሰው ሩዝ አይዘራም ነበር። በረግረጉ ውስጥ ግን የዱር ሩዝ ይበቅላል። ይህን ያዩ ባለሙያዎች፣ የዱሩ ከበቀለ የዘሩም ይበቅላል ብለው አሰቡ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት በጅግናና በሻጋ ተሞከረ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ዛሬ በአገራችን ሩዝ ሲነሣ ፎገራ አብሮ ይነሣል። ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ጠላ ይጠመቅበታል፤ አረቄ ይወጣበታል። ገለባው ለከብት ነው። ሩዝ የሣር ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል፤ ልጅም አስተምሯል። እኛ ሩዝን ለመውቀስ አልተነሣንም።

ነገር ግን ሩዙ ሲሰፋ ግጦሹ ጠበበ። ድሮ ፎገራ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ከብቱ ነበር። የፎገራ ላም ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለባት፣ ጠባየ ለስላሳ፣ ከአገራችን ላሞች ሁሉ በወተቷ የተመሰገነች ናት። በረግረግ ውስጥ ገብታ መጋጥ ትችላለች። ግጦሹ ሲታረስና ከሌላ ዘር ጋር ስትዳቀል ጥሩው ዘር ከሜዳው ላይ እየጠፋ መጣ። ዘሩን ለማቆየት የሚሠራው በባሕር ዳር አቅራቢያ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ነው። የፎገራን ላም ለማየት አንዳሳ መሄድ! ይህ ነገር እኛን ያሳዝነናል።

ሸሸርና ወለላም እንዲሁ ናቸው። የርብ ዳር በአፈር ሲገደብ ወንዙ እንደ ድሮው ወደ እነሱ አይፈስም። የቀረውን ውሃ ደግሞ ፓምፕ ስቦ ለሽንኩርት ያጠጣዋል። ውሃው ሸሽቶ የተጋለጠው መሬት ይታረሳል። በጣና ዳርም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም ገብቷል። ሰው በእጁ እየነቀለ አውጥቶታል፤ አረሙ ግን ይመለሳል።

ገበሬው ረግረጉን ስለምን ያርሳል? መልሱ አጭር ነው። ረግረጉ ገንዘብ አይሰጠውም። እንግዳው ባሕር ዳር ያድራል፤ ለሆቴል ይከፍላል፤ መኪና ይከራያል። ሸሸር መጥቶ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ወፎቹ ጓያውን የለቀሙበት ገበሬ ከዚያ ገንዘብ የሚደርሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም ድርጅት ጣናንና ዙሪያውን በሚጠበቁ ቦታዎች መዝገብ ላይ አስፍሯል። መመዝገቡ ጥሩ ነው። መዝገብ ግን ጓያ አይተካም።

ሌላ ዓይነት መንገድ እዚሁ ወረዳ ውስጥ አለ። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ ዓለም በር አጠገብ፣ አውራምባ የሚባል መንደር ይገኛል። በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ ናቸው። ዙምራ ትምህርት ቤት አልገቡም። ሴትና ወንድ እኩል ናቸው፤ ሥራም በጾታ አይለይም ብለው ተነሡ። አውራምባ ውስጥ ሴት ትሸምናለች፤ ወንድ ይፈትላል፤ እንጀራም ይጋግራል። ያን ጊዜ ጎረቤት አልወደደላቸውም። በደርግ ዘመን መጨረሻ ተሳድደው ወደ ደቡብ ተሰደዱ። ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ነበር። በቀረችው ጥቂት መሬት መኖር ስላልተቻለ ሽመናን ዋና ሥራቸው አደረጉት። በኋላ ዝናቸው ሲሰማ እንግዳ መጣ። እንግዳው ሲገባ ይከፍላል፤ የመንደሩ ሰው እየመራ ያስጎበኘዋል፤ ሲወጣ ጋቢና ነጠላ ይገዛል። ገንዘቡ የሚቀረው መንደሩ ውስጥ ነው። ቤተ መጻሕፍትም አላቸው። ማንበብ የጀመራችሁ አንባቢዎቻችን በዚያ ስታልፉ ጎራ ብትሉ አትጎዱም።

በእስያ ቡታን የምትባል ትንሽ የተራራ አገር አለች። እዚያም በክረምታቸው አንገታቸው ጥቁር የሆነ ክሬኖች ወደ አንድ ረግረጋማ ሸለቆ ይወርዳሉ። የሸለቆው ሰዎች ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በኅዳር መጀመሪያ ለወፎቹ በዓል ያደርጋሉ። ልጆች የወፍ ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። እንግዳ ይመጣል፤ ይከፍላል። መብራት ሲገባላቸው እንኳ ወፎቹ እንዳይጋጩ ሽቦውን ከመሬት በታች ቀበሩት።

ፎገራ የመጣ እንግዳ የሚያየው ሌላም ብዙ አለው። ከጉማራ አፍ ብዙ ሳይርቅ የጣና ቂርቆስ ገዳም በደሴት ላይ አለ። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያ እንደ ነበረች ይነገራል። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። በባሕሩ ላይ ከደንገል የተሠራው ታንኳ ይታያል። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ደራ ውስጥ ነው፤ በሽተኛው ሁሉ ያውቀዋል። በጎንደር መንገድ ደግሞ ከአዲስ ዘመን አጠገብ ጣራ ገዳም ከነጫካው፣ እንፍራንዝ ላይ የጉዛራ ግንብ አለ። ስለ ግንቡ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ስለ ዓሣው ግን ሳንናገር አናልፍም። በጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ ከምንለው ዘር 15 ያህሉ በሌላ አገር የለም። ብዙዎቹ ክረምቱ ሲያበቃ እንቁላል ለመጣል ርብንና ጉማራን ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ፣ ወይም ብርብራ ወቅጦ ውሃው ውስጥ የሚበትን ሰው እናቱን ከነልጆቿ ነው የሚወስደው።

ዛሬ እንግዳ እምብዛም የለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መንገዱን ዘጋው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ውጊያ አስቀረው። አውራምባም ገዥ የሚሆናት እንግዳ አጥታለች። ወፎቹ ግን የመንገዱን መዘጋት አያውቁም። በኅዳር ሩዙ ታጭዶ ሲከመር፣ ወደ 12 ሰዓት ገደማ፣ ከሸሸር ዳር ቆሞ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ድምፃቸው ይሰማል። ከዚያ በስተምሥራቅ በኩል አንድ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ወደ ውሃው ሲቃረቡ እግራቸውን ያንጠለጥላሉ፤ ክንፋቸውን እንደ ጃንጥላ ዘርግተው አንድ በአንድ ይወርዳሉ።