አንጀት ሲዘጋ የአምቦ ውሃ አይከፍተውም

አምቦ ውስጥ ሆዱ ለተነፋ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት የሰንቀሌ ጋዝ ያለው ውሃ ነው። ጠጥቶ ያገሳል፣ ይቀለዋል። ሽንቱ በሆዱ በኩል እንዲወጣ በቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ግን ይህ ልማድ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ፊኛ በካንሰር ምክንያት ሲወጣ ወይም ከጥገና በላይ ሲጎዳ፣ ሐኪሙ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ አካባቢ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቆርጦ የኩላሊት ቱቦዎችን ይሰፋበታል፤ አንዱን ጫፍ በቀኝ ሆድ በኩል ያወጣዋል። ሽንቱ ቆዳ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይጠራቀማል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1950 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዩጂን ብሪከር ነው። እኛ ዘንድ ዶክተር ካትሪን እና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በመሠረቱት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል፣ በወሊድ የደረሰባቸው ጉዳት በጥገና ያልዳነ እናቶች የሽንት መውጫቸው በቀዶ ሕክምና ተቀይሮላቸዋል። ደስታ መንደርም የተሠራው እንዲህ ላሉ ሴቶች ነው።

ችግሩ ያለው በቀረው አንጀት ላይ ነው። ቁስሉ ሲድን ውስጡ ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳው አንጀትን ከአንጀት ወይም ከሆድ ግድግዳ ጋር ያጣብቃል። የተጣበቀው ሲታጠፍ መንገዱ ይጠባል፣ አንዳንዴም ይዘጋል። ይህ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ጠባሳውን ለመቁረጥ ሆድ እንደገና ሲከፈት ደግሞ አዲስ ጠባሳ ይፈጠራል። ሐኪሞች ቢላ ለማንሳት የማይቸኩሉት፣ ሕመሙም የሚመላለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲዘጋ እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት፣ የሆድ መነፋትና ትውከት ይኖራል፤ ዓይነ ምድርም አየርም አይወጣም። ያን ጊዜ የአምቦ ውሃ ጋዝ በታፈነው አየር ላይ ይጨመራል። ኮሶና ሌላው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ግን ይብሳል፤ አንጀቱን መውጫ በሌለው መንገድ ላይ እየገፋ ሊቀድደው ይችላል።

ከረጢቱ ራሱ ይናገራል። በሽንቱ ውስጥ የሚታየው ነጭ ዝልግልግ ነገር አያስፈራም፤ የአንጀቱ ቁራጭ የቀድሞ ሥራውን ስላልተወ ነው። ሽንቱ ካነሰና ከጠቆረ ግን ሰውነት ውሃ እያጣ ነው። በአፍ እንዳይተካ ሆድ አይቀበልም፤ ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ሆስፒታል ውስጥ ምግብና መጠጥ ይከለከላል፣ በአፍንጫ በኩል ቱቦ ወደ ጨጓራ ይገባል። ብዙው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይከፈታል። ሕመሙ ፋታ ከነሳ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሆድ ከደነደነ ግን አንጀቱ ደም አጥቶ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ከጌዶም ይሁን ከጀልዱ ወደ አምቦ የሚመጣ ሕመምተኛ እስኪነጋ ባይጠብቅ ይሻላል። የቀዶ ሕክምና ወረቀቱን ይያዝ፤ ተረኛው ከረጢቱን አይቶ የዓይነ ምድር ሊመስለው ይችላልና።

ከተከፈተ በኋላ መጀመሪያ ውሃ በጉንጭ፣ ቀጥሎ ቀጭን አጥሚት፣ ከዚያ በደንብ የታኘከ ትንሽ እንጀራ። ቆሎ፣ የበቆሎ እሸትና የብርቱካን ገለፈት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያሉ። የፋሲካ ገበታም ቢሆን በትንሽ በትንሹ፣ ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ነው የሚበላው።